ዘይት ያልነካው ዓሣ

ዘይት የሚፈራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም በሰሊጥ አገር፣ በሱዳኗ ገዳሪፍ። ደርግን ሸሽተን በተሰደድንበት ዘመን ዘለቀ የሚባል ጎረቤቴ ክሊኒክ ተቀጠረና፣ "ጥብስ ልብ ይጎዳል" የሚል ትምህርት ይዞ መጣ። ጥይት የሳተንን ሰዎች የዓሣ ጥብስ ሊጨርሰን!

ይኸው ዘለቀ ሚስት ሊያገባ አሰበና እኔን ሽማግሌ አድርጎ፣ የልጅቱን አባት አያ ደሴን ምሳ ጠራ። ከመፋዛ የመጣ ዓሣ ገዝቶ፣ አጥንቱን አውጥቶ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሽቶ፣ ሱዳኖች ፉርን በሚሉት የዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ አስጋግሮ አቀረበ።

አያ ደሴ ዓሣውን አገላብጠው አዩት።

"ልጄ፣ ዘይት ጠፋ እንዴ?"

"የለም አባባ፣ ለጤና ብዬ ነው።"

"በሰሊጥ አገር ዘይት የሚሰስት ሰው ልጄን ምን ሊያበላት ነው?" ብለው ከዘራቸውን ይዘው ሊሄዱ ተነሡ።

ጋብቻው ሊፈርስ ነው። ሽማግሌ ሆኜ ምን ላድርግ? "ከጥብስ ይበልጣል!" ብዬ በሚካኤል ማልሁ፤ ደጋግሜም ጎረስሁ። እሳቸውም እኔን አይተው ተቀመጡ፣ ቀመሱ፣ ልጃቸውን ሰጡ።

ዛሬ ሙሽሮቹ ቤት በሄድን ቁጥር፣ ልጅቱ የአባቷን አፍ ታውቃለችና ለአያ ደሴ ዓሣ በዘይት ትጠብስላቸዋለች። ለእኔ ግን ትጋግርልኛለች። በሚካኤል የማልሁ ሰው፣ አሁን ምን ብዬ ጥብስ ልጠይቅ?