ከውቅያኖስ ወለል ጉለሌ የገባው ጠርሙስ

ተጠራጣሪ ሰው ስሙ በከንቱ ይጠፋል። ማር ብሎ ስኳር፣ ቅቤ ብሎ ሙዝ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ካልተጠራጠረ ማን ይጠራጠር?

የእህቴ ልጅ ሜሮን ውጭ አገር የባሕር ሳይንስ ትማራለች። ለእረፍት መጥታ ጉለሌ፣ ሸጎሌ ሰፈር እኛ ቤት ስታርፍ ከሻንጣዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። በመርከብ እስከ ምድር ደቡብ ጫፍ ሄደው፣ ከበረዶው አጠገብ፣ ከውቅያኖስ ወለል የቀዱት ውሃ ነው አለችን። ልታሳየን ብላ መምህሯን አስፈቅዳ ነው ያመጣችው፤ ስትመለስ ትመረምረዋለች።

አየሁት። ቁርጥ የቧንቧ ውሃ። ለዚህ ነው መርከብ ያስነሱት?

ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል አልኳት። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባድና ቀላል ዓይነት አለው፣ አይሶቶፕ ይባላል አለችኝ። የዋልታ በረዶ ከባዱ ያንሰዋል፤ በረዶው የቀለጠበት የባሕር ውሃ ያንን ምልክት ይዞ ይሰምጣል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ውቅያኖስ ሥር ቢገኝ እንኳ የትውልድ ቦታው ይታወቃል። እኔ ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ አርጅቼ፣ መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ ምስክር አምጣ እባላለሁ። ውሃው ግን ያለ ምስክር! ነገሩ አልተዋጠልኝም።

ሜሮን ከሽሮ ሜዳ የገዛችውን ጋቢና ጠርሙሱን ይዛ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ደወለች፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጨው የገባበት የደጋ ዝናብ እንጂ የባሕር ውሃ አይደለም ተብላለች። መምህሯ በጥርጣሬ እያዩዋት ነው፤ ትምህርቷም አደጋ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከፍተውታል?» አለችኝ።

እጄ የለበትም አልኳት። አላመነችኝም። ከቤቱ ሰው ሁሉ እኔን መጠርጠሯ ምን ይባላል?

ለባለቤቴ ለአስቴር ነገሩን ስነግራት፣ ድሮም መርከቡን ተጠራጥሬ ነበር ብዬ ትንሽ ኮራሁ። አስቴር ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ለካ የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ ልታሸተው ስትል አምልጧት ተደፍቶ፣ ልጅቷ እንዳታዝን ብላ ያው የደጋ ዝናብ ከሚመጣበት ቧንቧ ሞልታ፣ ጨው ነስንሳ መልሳ ዘግታው ኖሯል።

ለሜሮን ደውዬ ስልኩን ሰጠኋት። እያለቀሰች ተናዘዘች። ሜሮን ሰምታ ስትጨርስ ሳቀች። ለመምህሯ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ይቅር አሏት። ከዚያው ውሃ ሌላ ጠርሙስ ነበራቸው።

እኔም በሳይንስ አመንኩ። አስቴር ግን ምድጃ ላይ ወደተጣደው ድስት እያየች፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ይሄ ምርመራ... ወጥ ላይም ይሠራል?»

ለምን እንደጠየቀች እስካሁን አልነገረችኝም።