ስቶ የማያውቀው ጄኔራል

ሰው ባለበት ሁሉ አንድ ስቶ የማያውቅ ሰው አለ። ጠመንጃው ይስታል፣ ጥይቷ ትስታለች፣ አንዳንዴም ጣሳው ራሱ ይስታል፤ እሱ ግን አይስትም! እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው፤ ምናልባትም አለቃችሁ። የእኛው ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ በሰፈር ስማቸው ክቡር ጄኔራል ይባላሉ። የወታደር ቤት በር ላይ እንኳ አንድ ቀን ቆመው አያውቁም። ፊት ለፊት "አንተ" ነው የምንላቸው፤ ሲጻፍ ግን ማዕረጋቸው ይጠበቅ።

ጦር ሜዳችን ከአናጢው ሱቅ ጀርባ ያለችው ግቢ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ስድስት ጎልማሶች የአየር ጠመንጃችንን ይዘን እንሰበሰባለን። የአየር ጠመንጃ ባሩድ አያውቅም፤ አፈሙዙን ወደ ታች ሰበር አድርገህ ሞላውን ታጠብቃለህ፣ ከሽንብራ የምታንስ የእርሳስ ጥይት ትከታለህ፣ መልሰህ ቀጥ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ጧ! ሃያ እርምጃ ላይ የቆመ ባዶ ጣሳ ሲገለበጥ የሚሰማህን ደስታ በምን ቃል ልንገርህ! የጮኸብህ አለቃ፣ የተመላለስክበት ቢሮ፣ ጥሎህ የሄደው አውቶቡስ፣ ሁሉም አብሮ ይገለበጣል።

ጄኔራሉ ከመተኮሳቸው በፊት ንግግር አላቸው። "ተኩስ ማለት ትንፋሽ ነው!" ይላሉ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ይይዛሉ፣ ይይዛሉ፣ ፊታቸው ቀይ ሥር እስኪመስል፣ አናጢው "ኧረ ሰውዬው ሞተብን!" እስኪል ድረስ ይይዛሉ። ጧ! ጣሳው ንቅንቅ አይልም።

"ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች።"

"ጄኔራል፣ ደመና ነው እኮ!"

"እሱ ነው የሚያደናግረው። የት እንዳለች አታውቅም።"

አንድ ቅዳሜ ጣሳውን ትተው የአናጢውን የሻይ ፔርሙስ በሱት። ከኢላማው አራት ሜትር ይርቃል! አናጢው ራሱን ይዞ ሲጮህ፣ ኮራ ብለው "ጣሳማ ማንም ይመታል" አሉት። ሌላ ቀን እኔ የመታሁት ጣሳ ሲወድቅ፣ "የኔዋ ናት፣ ዘግይታ ደርሳ ነው" ብለው ተከራከሩኝ። እውነቱን ለመናገር ከሰባት አንዴ ይመታሉ። ያን ጊዜ ነው ማየት! ጣሳው ላይ የምንለጥፋትን የወረቀት ኢላማ እንደተበሳች ያነሳሉ፣ ይፈርሙባታል፣ ኪሳቸው ይከቷታል። የፈነዳ ቧንቧ ሊጠግኑ ሄደው፣ ውሃው የባለቤቱን ቁርጭምጭሚት እያለፈ ወረቀቷን ሲያሳዩ የተያዙበት ቀን አለ። ኋላ ፍሪጅ ላይ ይለጥፏታል። ሚስታቸው "ፍሪጄ ወንፊት መሰለ እኮ!" እያሉ ያማርራሉ።

እኔ ደግሞ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ኑሯችንን ያበላሸው ይኸው ነው እላለሁ! ፋይልህን የጣለው ጸሐፊ "ፋይሉ ጠፋ" ይልሃል፤ ፋይሉ እግር አውጥቶ የሄደ ይመስል። ያልሆነ መድኃኒት የሰጠህ ሰው "ሰውነትህ አልተቀበለውም" ይልሃል። መንገዱ በዓመቱ የፈረሰበት መሐንዲስ ዝናቡን ይከሳል። "ሳትኩ" የምትል አንዲት ቃል እንዲህ ምላስ ላይ ትክበድ? ጄኔራሉን በየቅዳሜው በዚህ ስወቅሳቸው ኖሬአለሁ። "አንድ ጊዜ ብቻ 'ሳትኩ' በል፤ አትሞትም!" እላቸዋለሁ።

"የሳትኩ ቀን እላለሁ" ይሉኛል።

የግቢውን ደንብ የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲነበብ። መነጽር ሳያደርጉ መተኮስ ክልክል ነው። ከፊት ሰው እያለ ጠመንጃ ማንሳት ክልክል ነው። ወፍራም ብረት ላይ መተኮስ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ጥይቷ ነጥራ ትመለሳለችና።

ባለፈው ወር እንዲህ ሆነ። የጄኔራሉ ጠመንጃ ሞላው አስቸግሮ ጠረጴዛ ላይ ተበታትኖ ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን እዚያ ቀብሮ ምክር ይሰጣል። እኔ ብቻዬን መተኮሻው ላይ ቀረሁ። ጣሳ ሰለቸኝ። ዓይኔ አናጢው ጥግ ላይ በጣለው አሮጌ የመኪና ፍሬን ዲስክ ላይ አረፈ። ክብ፣ ከባድ፣ መሐሉ ቀዳዳ፤ "ምታኝ፣ ምታኝ" ይላል! በሽቦ አንጠለጠልኩት። ምን ልሆን? ድምፁን ልሰማ!

ጧ! ቅልልልል! እንደ ደወል! ልቤ ዘለለች። ወዲያው ግን ከላይ ሌላ ድምፅ መጣ። የመስታወት።

ፎቁ ላይ የሚኖሩት የግቢው ባለቤት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። "አንድ ነገር ቢሰበር ግቢዬን እዘጋለሁ" ብለው ካስጠነቀቁን ቆይተዋል። እኛ ደግሞ ሌላ ግቢ የለንም። እና እኔ፣ ሕግ አውጪው፣ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዲስኩን ፈትቼ ጣውላ ሥር ወሸቅሁት!

እትዬ ጥይቷን በመዳፋቸው ይዘው ወረዱ። "ተሰለፉ!" አሉ። በሃምሳ ዓመታችን ተሰለፍን።

"የኩሽናዬን መስኮት የሰበረው ማነው? ካልተናገረ ይሄ በር ዛሬውኑ ይቆለፋል።"

ሽቦው ገና ይወዛወዛል። ጄኔራሉ ሽቦውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

አናጢው "አንተ ደግሞ! ጠመንጃህ እዚህ ተፈትቶ..." ብሎ ሳይጨርስ ጎኑን በክርናቸው ደቆሱት። ልብ በሉ! በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት እጃቸው ገብታ ነበር። ያችኑ ጣሏት።

"መስኮቴን አነጣጥረህ ነው?" አሉ እትዬ።

"ኧረ ጣሳ ነው ያነጣጠርኩት።" ጄኔራሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። "ሳትኩ።"

"ምን አለ?" አለ አናጢው፣ ጆሮውን ባለማመን።

"ጮክ በል!" አሉ እትዬ።

"ሳትኩ!"

ስንት ዘመን የጠበቅኋት ቃል! መጥታ እኔው ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ተሰካች።

"እንግዲያው" አሉ እትዬ፣ "ለማይችል ሰው ጠመንጃ አይሰጥም። ሌሎቻችሁ ቀጥሉ። አንተን ግን ከዛሬ ወዲያ እዚህ ግቢ እንዳላይህ።"

ጄኔራሉ የተፈታ ጠመንጃቸውን በጨርቅ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ሞላውን፣ ብሎኖቹን፣ ሰደፉን። ከኢላማው ጀርባ የተከመረውን አሸዋ ከረጢት በከረጢት በጋሪያቸው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ጨርቁን ቋጥረው ብብታቸው ሥር አደረጉና ወደ በሩ ዞሩ።

"እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። ጣውላውን ገልብጬ ዲስኩን አወጣሁት። "ብረት ላይ የተኮስኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ! የደበቅሁትም እኔ! እሱማ መስኮትዎን ልምታ ቢልም አይችል!"

"ማነው የማይችለው?!" አሉ ጄኔራሉ፣ በዚያ ሁሉ መሐል።

እትዬ ዲስኩን አዩ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ እኔን አዩ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥሬ አላውቅም።

"መስታወቱን ነገ በእጅህ ትገጥማለህ። ይሄን ደንብ ደግሞ መቶ ጊዜ ጽፈህ ታመጣልኛለህ።" የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። ወደ ጄኔራሉ ዞሩ። "አንተስ? ምን አስዋሸህ?"

"እሱን ቢያባርሩትስ ብዬ ነዋ፣ እትዬ። ማን ይቆጣናል? ያለ እሱ ጭቅጭቅ መተኮስ አንችልበትም።"

እትዬ ቶሎ ብለው ወደ ደረጃው ዞሩ፤ ትከሻቸው በሳቅ ሲነቃነቅ ግን ሁላችንም አየን። በሩ አልተቆለፈም! አናጢው ጣሳ በጣሳ እየመታ ጨፈረ። እኔ ጄኔራሉን ላቅፍ እጄን ዘርግቼ ሄድኩ። ፊታቸውን አጨፍግገው ገፉኝ።

"ምን አደረግሁህ?" አልኳቸው።

"ስንት ዓመት ነዝንዘኸኝ፣ በስንት መከራ አንዲት ጊዜ ብስት፣ እሷንም ትቀማኛለህ?"