ዳማው ፈረስና የኔ "የናፍቆት ጥሪ"

ቪዲዮው ሳይደርሳችሁ ከራሴ አፍ ስሙት ብዬ ነው። ከደረሳችሁም፣ አዎ፣ ቫዮሊን ይዛ አፏን ከፍታ የቆመችው እኔ ነኝ።

አዎ፣ ፈረሱም እውነተኛ ፈረስ ነው።

ለአዳዲስ ፎሎወሮቼ ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚሁ አሰላ አራት ሆነን ኳርቴት አለን። እኔና ቢኒያም ቫዮሊን፣ ፎዚያ ቪዮላ፣ ጫልቱ ደግሞ ያንን ከራሷ የሚበልጠውን ቼሎ። እንጫወታለን፣ ልጆች እናስተምራለን፣ አዳዲስ ሙዚቃ ደግሞ የምደርሰው እኔ ነኝ። ጎበዝ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ይሄን አልክድም!

ቅዳሜ ቅዳሜ የምናስተምረው የሰፈራችን ዕድር አዳራሽ ውስጥ ነው። በአንዱ ጥግ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር፣ በሌላው ጥግ አስራ አንድ ልጅ ከነቫዮሊኑ። ጀማሪ ልጅ ቫዮሊን ሲነካ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዘይት ያጣ በር አስቡና በአስራ አንድ አባዙት።

የዕድሩ አባላት ታገሡን፣ ታገሡን፣ ባለፈው ወር ግን ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ አስጠሩን።

"ልጆች፣ ይሄ የለቅሶ ቤት ነው። አንድ እሁድ ለአባላቱ ተጫወቱና ይስሟችሁ። ከወደዱ ትቀጥላላችሁ፤ ካልወደዱ ቁልፉን ትመልሳላችሁ።"

ጋሽ ታደሰ ሲስቁ ያየ ሰው የለም። ዕድሜ ልካቸውን የሰፈሩን ለቅሶ ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አይፈረድባቸውም።

እኛ ደግሞ ሌላ አዳራሽ የለንም። ያላንኳኳነው በር የለም። ቁልፉ ከሄደ ልጆቹም ሄዱ ማለት ነው። ሂክማ የምትባል ተማሪ አለችን፤ ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቀን። እሷን "ተዘግቷል" ማለት ነበር የሚያስፈራኝ። እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

"ለእኔ ተዉት!" አልኳቸው ለሦስቱ።

ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ቼሎ ባጃጅ ውስጥ አይገባም። ሞክረናል፤ ወይ ቼሎው ይገባል ወይ ሹፌሩ። ስለዚህ ጫልቱና እኔ ሁልጊዜ የምንሄደው በጋሽ ገመቹ ጋሪ ነው። እኔ ቼሎውን አቅፌ፣ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ እቀመጣለሁ። ጋሽ ገመቹ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ይቆሙና ያፏጫሉ። ዝግ ያለ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ፉጨት። ሁሌ ሆዴን ያባባዋል!

አንድ ቀን በስልኬ ቀዳሁት።

ሳላስፈቅድ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ በኖታ ጻፍኩት፣ ለአራታችንም አከፋፈልኩት። ፉጨቱን ለራሴ ያዝኩ። ቫዮሊን ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ጫፍ ብቻ ነካ ካደረጋችሁት ቀጭን የፉጨት ድምፅ ይወጣል። ከባድ ነው! እኔ ግን እስኪዋጣልኝ ጎረቤት እስኪመርረው ተለማመድኩ። ስሙንም "የናፍቆት ጥሪ" አልኩት።

"ይሄ ፉጨት ምንድነው?" ብዬ ጋሽ ገመቹን ጠየቅኳቸው? አልጠየቅኩም። አርቲስት ይጠይቃል እንዴ! አርቲስት ይሰማዋል!

እሺ፣ ወደ ዛሬ እንምጣ።

የዕድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሏል። ኮሚቴው ከፊት ተቀምጧል። ፊት ለፊታቸው ትልቅ ሳፋ ሙሉ ውሃ፣ ውስጡ ለስላሳ መጠጥ ተነክሯል። በአሰላ ብርድ ለስላሳ ማቀዝቀዝ! አክብሮት ነው፣ ምን ይባላል። ስፒከሩ ተሰቅሏል። አጥሩ ጥግ ሰው ያመጡ ሦስት ጋሪዎች ቆመዋል፣ የጋሽ ገመቹ ዳማ ፈረስ ከፊት ነው። ዳማው ጨዋ ስለሆነ አይታሰርም። ጋሽ ገመቹም ጋቢያቸውን ደርበው ከኋላ ተቀምጠዋል። የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። ሰርፕራይዝ ላደርጋቸው!

መጀመሪያ ልጆቹ ተጫወቱ። እናቶች አጨበጨቡ፣ አንዷም እልል አለች። ጋሽ ታደሰ ግን ፊታቸው ያው የለቅሶ ፊት ነው።

የእኔ ተራ ደረሰ። ማይኩን ያዝኩ።

"የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት! አሁን የምትሰሙት ዜማ አንድ የአርሲ ጎልማሳ ከተራራው ማዶ ላለች ፍቅረኛው የሚልከው ጥሪ ነው። በዚህ ዜማ ውስጥ ጥልቅ የሆነ ጥማት አለ!"

ጥማት ብያለሁ። በገዛ አፌ!

ጋሽ ገመቹን ገልመጥ አድርጌ አየኋቸው። ግንባራቸውን ቋጥረዋል። ስሜቱ ነክቷቸው ነው ብዬ አለፍኩ።

ጀመርን። ጫልቱ ከታች በቼሎው ያዘችልኝ፣ ፎዚያና ቢኒያም ገቡ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ፉጨቱን ለቀቅኩት። እንዴት እንደወጣልኝ ብነግራችሁ! ከተለማመድኩት ሁሉ የዛሬው ይበልጣል።

ሰዉ ሲንጫጫ ሰማሁ።

"ነካኋቸው!" አልኩ በልቤ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ፉጨቱን ደገምኩት። ጫጫታው ባሰ። ሦስተኛ ደገምኩ!

ከዚያ ፊቴ ላይ ትኩስ ትንፋሽ ተሰማኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ዳማው ፈረስ በአፍንጫዬ አጠገብ አልፎ፣ ጋሪውን እንደጎተተ ኮሚቴው ፊት ደርሷል። አንገቱን ሳፋው ውስጥ ከትቶ ይጠጣል። ጠርሙሶቹን በአፍንጫው ወደ ጎን እየገፋ፣ ረጋ ብሎ። ሁለተኛው ፈረስ ከኋላው እየመጣ ነው። ሦስተኛው አጥሩ ጋ ያሽካካል።

ሳይጠሩት አቤት አላለም። የጠራሁት እኔው ነኝ!

"ኢንተላ ኮ! ልጄ! አቁሚ በፈጠረሽ!" ጋሽ ገመቹ ጋቢያቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። "ውሃ እንዲጠጣ የማፏጭለት እኮ ነው! ካላቆምሽ የሰፈሩ ፈረስ ሁሉ ይመጣል!"

ማይኩ አልተዘጋም ነበር። ግቢው በሙሉ ሰማ። ከግቢው ውጭ ያለውም ሰማ።

ለካ ጋሽ ገመቹ መንገድ ላይ የሚቆሙት ፈረሱን ውሃ ለማጠጣት ነው። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ጊዜ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ የማየው ያለፍነውን አስፋልት ነው።

ወደ ጫልቱ ዞርኩ። የሮቤ ገበሬ ልጅ ናት፤ ታውቅ ነበር እንዴ?

"አንቺ አታውቂም ነበር?" አለችኝ ዓይኗን አፍጥጣ። "እኛ አገር ከብቱም በፉጨት ነው የሚጠጣው! ፍቅረኛ ምናምን ስትይ ለማሳመር መስሎኝ ነዋ!"

ያን ሁሉ ቀን አብራኝ ስትለማመድ ከርማ!

በዚህ መሃል ጋሽ ገመቹ ዳማውን ወደ ኋላ ሊመልሱት ሲሞክሩ የጋሪው ጎማ የድንኳኑን ገመድ ያዘ። ቀጥሎ የሆነውን ቪዲዮው ላይ ታዩታላችሁ። ቀስ... ቀስ... ብሎ የድንኳኑ አንድ ጎን ተቀደደና ኮሚቴው ላይ ተኛ። ቢኒያም ከኖታው ላይ ቀና ስለማይል እስካሁን እየተጫወተ ነው።

የዕድር ድንኳን! የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐዘን የተቀመጠበት ድንኳን!

ቁልፉ ሄደ፣ ልጆቹ ሄዱ፣ ቅዳሜ ሂክማ በር ላይ ትቆማለች። ቫዮሊኔን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሸራውን ማንሳት ጀመርኩ። ከስሩ ጋሽ ታደሰ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳቸው አልኩ።

እየሳቁ ነው።

እንባቸው እየወረደ፣ ባርኔጣቸው ወድቆ፣ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ! ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ወይ ጉድ! ታደሰ ጥርስ አለው ለካ!" አሉ።

ጋሽ ታደሰ ቆይተው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ማይኩን አነሱ። እኔ እጄን ወደ ኪሴ ከትቼ ቁልፉን ጨብጬ ነበር፤ ሲሉኝ ልሰጣቸው።

"እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእናንተ ነገር እኔ አይገባኝም" አሉ። "እነዚህ እናቶችም የሚያጨበጭቡት ልጆቻቸው ስለሆኑ ነው። ፈረስ ግን ለዝምድና ብሎ አይመጣም። እሱ ከገባው ሙዚቃ ነው። ቁልፉ እናንተው ጋ ይሁን። ድንኳኑን ግን አንቺ ትሰፊያለሽ!"

ልጆቹ ጮሁ። ሂክማ መጥታ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ። ማይኩ ያኔም አልተዘጋም ነበር።

አሁን የምትስቁ ሁሉ ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። ፈረስ የሰውን ፉጨት ከሌላ ድምፅ ይለያል። እኔ እሱን በአራት ክር አሳመንኩት! እስቲ ይሄን የሚችል ቫዮሊኒስት አምጡ!

እሺ፣ እሺ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ገብቶኛል።

ሰዉ ሲበተን ጋሽ ገመቹ ጋ ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። "ጋሽ ገመቹ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳልጠይቅዎ ነው የቀዳሁት።"

የዳማውን አንገት እያሻሹ ቀና ብለው አዩኝ።

"ብትጠይቂኝማ እነግርሽ ነበር" አሉ። "የፍቅሩማ ሌላ አለ።"

አለ! ሌላ አለ!

ስልኬን ላወጣ ስል እጃቸውን አወዛወዙ። "ዛሬ አይሆንም። ቅዳሜ ፊትሽን ወደ ፊት አዙረሽ ተቀመጪና አሰማሻለሁ።"

ስለዚህ ቅዳሜ ቼሎውን ጫልቱ ራሷ ታቅፈዋለች፣ እኔ ከፊት ነኝ። እስከዚያ ግን ይህ ድንኳን ጭኔ ላይ ተኝቷል፣ የቤታችን ሦስት ቀጭን መርፌ ተሰብሮብኛል። መጠየቅ ዛሬ ስለተማርኩ እናንተን ልጠይቅ፦ አሰላ ውስጥ የጆንያ መርፌ ያለው ሰው አለ?