የአማቴ በግና የረድፍ ሒሳብ

ሰው ሲጠጣ እንኳ ማርክ ሲሰጥ የሚወጣውን ያህል ጠባዩ አይወጣም። ቸሩ ለሁሉም ዘጠኝና ዐሥር ይረጫል፤ ቋጣሪው ሁለት ሲሰጥ ከኪሱ የወጣ ይመስል ያዝናል። የሁለቱን ማርክ ዝም ብሎ መደመር ታዲያ ፍርድ ነው? የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲህ ያለው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

አምና በደጋው መንደራችን በዘመሮ የበግ አርቢዎች ማኅበራችን ለመንደሩ የዓመቱ ማራቢያ የሚሆን አንድ አውራ በግ ሊመርጥ ሦስት ዳኞች አስቀመጠ። ቄሰ ገበዙ የንስሐ ልጆቻቸውን ላለማስቀየም ከዘጠኝ በታች አልሰጡም። ሁለተኛው ዳኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከሁለት በላይ ቁጥር መኖሩን የሰሙ አይመስሉም። እትዬ አስካለ ደግሞ ለአንድ ጥቁር በግ ብቻ "አንድ" ሰጥተው ለተቀሩት ዜሮ አደሉ። ለምን ቢባሉ፣ ለማልመርጠው በግ ማርክ ምን ብዬ አባክናለሁ አሉ።

ማርኩ ሲደመር የአማቴ የጋሽ ወንድይፍራው በግ አንደኛ ወጣ። እሰይ! እንደኔ ያለ እርፍ መጨበጥ የማያውቅ ሰው ልጃቸውን በማግባቱ እስካሁን አልተጽናኑምና፣ ይህ ለቤቴ ሰላም ነበር። ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ብድግ ብዬ ፍትሕ ተጓደለ አልኩ።

ላፕቶፔ ላይ አልጀብራ የሚሠራ ፕሮግራም አለኝ። ማርኩን በሰንጠረዥ፣ በሒሳብ ስሙ በማትሪክስ፣ ለየዳኛው አንድ ረድፍ አድርጌ ደረደርኩ። እያንዳንዱን ረድፍ በራሱ ድምር ሲያካፍሉት የረድፉ ድምር አንድ ይሆናል፤ የቸሩም የቋጣሪውም ቃል እኩል ይመዝናል ማለት ነው። ረድፍ በረድፍ ትእዛዝ ስጽፍ የማኅበሩ ሰብሳቢ ቶሎ እንድጨርስ ብርዱን አስታወሱኝ። አፈርኩና ሁሉንም በአንድ መስመር ትእዛዝ አካፈልኩት። ፕሮግራሙ እንደ ድጓ መምህር ግትር ነው፤ አንድ ሦስተኛን በነጥብ አያድበሰብስም፣ አንድ ሦስተኛ ብሎ ይጽፋል።

ውጤቱ መጣ። የሁለቱ ዳኞች የየረድፋቸው አንድ ለበጎቹ ሁሉ ተሸራርፎ ሲታደል፣ የእትዬ አስካለ ሙሉዋ አንድ ጥቁሩ በግ ላይ ዐረፈች። ጥቁሩ አሸነፈ። አማቴ በጋቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ከልቤ ከፋኝ። ባለቤቴም ስሜን ትታ "አስተማሪው" ትለኝ ጀመር።

ዘንድሮ አማቴ በጋቸውን በወንድማቸው ስም አስገብተው፣ እሳቸው በሽማግሌው ቦታ ዳኛ ሆኑ። ሦስቱም ዳኞች ነገሩ ገብቷቸው ኖሯል፤ እያንዳንዳቸው ለየምርጫቸው "አንድ"፣ ለሌላው ሁሉ ዜሮ ሰጡ። ረድፎቹ ሳልነካቸው ተስተካክለው መጡ፤ ፕሮግራሙ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ሦስት በጎች እኩል አንደኛ ወጡ፣ አንዱ የአማቴ።

እሳቸውም ትከሻዬን ቸብ አድርገው፣ ሒሳብ ለካ ደግ ትምህርት ነው አሉኝ። ቤቴ ሰላም ሆኗል። መንደሩ ግን ለዘንድሮ እስካሁን አውራ በግ የለውም።