ካርድ ዝም የሚያሰኙት ልብስ ሰፊ

ጉዞ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ የማይጓዝ ተጨናቂ አያጣም። ሻንጣው የሌላ ሰው ነው፣ ቲኬቱ የሌላ ሰው ነው፣ ላቡ ግን የእሱ ነው። ተጓዡ ለሽ ብሎ ሲያድር እሱ አልጋው ላይ እየተገላበጠ ሌባ ሲያባርር ያነጋል። እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የዚህኛው ቤት ተጨናቂ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ «ክቡርነታቸው» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሹመቱን ከልባቸው ስለተቀበሉት ቀልድነቱ ከተረሳ ቆይቷል። አውሮፕላን የሚያውቁት ሱቃቸው በራፍ ላይ ቆመው ሽቅብ አንጋጠው ነው። ፓስፖርት የሚባል ነገር በስማቸው ወጥቶ አያውቅም። የመንገደኛን ሁሉ ኪስ ከአየር ሌባ የመጠበቅ ኃላፊነት ግን ማንም ሳይሰጣቸው ተረክበዋል።

ነገሩን የጀመረው ኮት ሊለካ የመጣ አንድ ወሬኛ ደንበኛ ነው። የዘመኑ ሌባ እጁን ኪስ ውስጥ አይከትም አላቸው። ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ማሽን ይዞ አጠገብህ ይቆማል፤ የሱቅ መክፈያ ማሽን ላይ ጠጋ ሲያደርጉት የሚከፍለው ካርድህ ሳታውቅ ከማሽኗ ጋር ወሬ ይጀምራል፣ ቁጥሩን ይዘከዝክላታል፤ ቺፕ ያለው ፓስፖርትም ምላሱ ያው ነው። ፎይል ውስጥ ከጠቀለልከው ግን ወሬው ይቋረጣል። ክቡርነታቸው መቀሳቸውን አስቀመጡ። ዕድሜያቸውን ኪስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ኪስ እንዲህ ተደፈረ መባሉን እንደ ግል ስድብ ቆጠሩት።

ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤቱ ፎይል አያውቅም። ባለቤታቸው ምግብ ሊሸፍኑ ብለው መሳቢያውን ሲከፍቱ የሚያገኙት ባዶ ካርቶን ነው፤ ፎይሉ ሱቅ ወርዶ የሱሪ ገበር ሆኗል። ሱሪ ሊያሳጥር የሰጠ ሰው ሱሪው ኪሱ እየተንኮሻኮሸ ይመለስለታል። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ አይጠይቁም፤ ፈቃድም አይጠይቁም።

የቢሮውን በር በካርድ የሚከፍት አንድ ጎረቤት ነበራቸው። ሰውየው ካርዱን ከኪሱ ማውጣት ስለሚሰለቸው ዳሌውን በሩ ላይ ጠጋ አድርጎ መግባት ለምዷል። ሱሪውን ከክቡርነታቸው በተረከበ ማግስት ጠጋ ቢል በሩ አይከፈትም፣ ዞር ብሎ ጠጋ ቢል አይከፈትም። ሠራተኛው ከኋላው ተሰልፎ እያየው ከበሩ ጋር ሲታሽ አረፈደ። ማታ ደሙ ፈልቶ ሱቅ ሲመጣ ክቡርነታቸው አቤቱታውን እስከ መጨረሻው በትዕግስት አዳመጡና፣ ፊታቸው በርቶ «ሠርቷላ» አሉት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሱፐርማርኬት ገብተው አንዲት ሳሙና አነሡ። ካርዳቸውን ከነፎይሉ የገንዘብ ተቀባይዋ ማሽን ላይ ደገፍ አደረጉት። ማሽኑ ዝም። ወደ ሰልፉ ዞር ብለው «አያችሁ? ጭጭ» አሉ። ሰልፉ ያየው ነገር አልገባውም፤ አንዳንዱ ሰዓቱን ተመለከተ። አጠገባቸው የነበረችው የእህታቸው ልጅ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ይህች ልጅ እናቷ ካረፈች ወዲህ እሳቸው ቤት ያደገች ናት። አሁን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆናለች። ለሁለት ዓመት ሥልጠና ባሕር ማዶ እንድትሄድ መመረጧን ስትነግራቸው ባለቤታቸው አቅፈዋት አለቀሱ። ክቡርነታቸው ግን ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ፓስፖርትሽ ቺፕ አለው?» ብቻ ነበር ያሉት።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ሌላ ወሬ የለም። ወደ ሥራ ስትወጣ «ካርድሽን ዝም አሰኚው»። ስትገባ «ካርድሽን ዝም አሰኚው»። ጉንፋን ይዟት በተኛችበት ሻይ አምጥተውላት፣ ግንባሯን በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ አድርገው፣ ትኩሳቱን ይጠይቁኛል ስትል ያው እሱኑ። ባንክ ሄዳ ጠይቃ መጣች። የባንኳ ሠራተኛ እንዲህ ያለው ስርቆት ብዙም አያጋጥምም፣ ፓስፖርቱም ውስጡ ተገልጦ ካልተነበበ ቺፑ አፉን አይከፍትም፣ ካሰጋሽ አንድ ተራ መሸፈኛ ይበቃሻል ብላታለች። ክቡርነታቸው አዳምጠው ሲያበቁ የባንኳ ልጅ አውሮፕላኑ ላይ አብራት ትሄድ እንደሆነ ጠየቁ።

ልጅቷ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ከመሄዷ በፊት ከአፋቸው አንድ ቃል መስማት ፈለገች። ትናፍቂኛለሽ ቢሏት ደስታዋ ነው፤ አትሂጂ ብለው ቢቆጧት እንኳ ደስ ይላት ነበር። ማታ ማታ አጠገባቸው እየተቀመጠች ወሬውን ወደዚያ ልትወስደው ትሞክራለች፤ እሳቸው ስለ ፎይል ውፍረት ይነግሯታል።

የጉዞዋን ኮት እሳቸው ሰፉት። ከውጭ ሲያዩት የሚያምር ሰማያዊ ኮት ነው። በግራ ጡት በኩል፣ በገበሩ ውስጥ፣ ጨርቅ በፎይል በጨርቅ የተደራረበ ኪስ አለው። ፓስፖርቷንና ካርዷን እዚያ ከተው አፉን በክር ሰፉት፤ የእህል ጆንያ አፍ እንደሚሰፋበት ዓይነት ስፌት። ይህ ስፌት ከአንደኛው ጫፍ ሲስቡት በአንድ ትንፋሽ ይተረተራል፣ ከሌላው ጫፍ ሲስቡት ግን ይብሱን ይጠብቃል። የቱን እንደምትስብ አሳዩዋት። ሐሳቧ ሌላ ጋ ስለነበር እሺ አለች እንጂ አላየችም።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሲደርሱ ከዚህ ወዲያ መንገደኛ ብቻ ነው ተባሉ። ልጅቷ ሻንጣዋን አስቀምጣ ጠበቀች። ክቡርነታቸው የኮቷን ኮሌታ አስተካከሉ፣ የሌለ ብናኝ ከትከሻዋ አራገፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በይ እንግዲህ፣ ካርድሽን ዝም አሰኚው።» ልጅቷ ሆድ ባሳት። ጉንጫቸውን ሳም አድርጋ ዞር ሳትል ገባች።

ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ተራዋ ደርሶ ፓስፖርት ስትባል ክሩን ያዘችና ሳበች። ስፌቱ ጠበቀ። እንደገና ሳበች፤ ኪሱ ጭምድድ ብሎ ተቆለፈ። በጥርሷ ሞከረች። መቀስ በእጅ ሻንጣ አይገባም ብለው እሳቸው ራሳቸው አስቀርተውባታል። ሠራተኛዋ መስኮቱ ሊዘጋ ጥቂት እንደቀረው ነገረቻት። ልጅቷ ሻንጣዋን እዚያው ትታ ወደ በሩ ሮጠች፤ ሄደው ይሆናል ብላ እየሰጋች።

አልሄዱም። ጥላቸው የሄደችበት ቦታ፣ አንድ እርምጃ ሳይነቃነቁ፣ በሩን እያዩ ቆመዋል። ስታያቸው ዓይናቸው ቀልቷል። ነገሩን ሳትጨርስላቸው ኮቷን ገለጥ አድርገው ሌላውን ጫፍ ሳቡት፤ ስፌቱ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ፓስፖርቷን ይዛ ሮጠች። ደረሰች። ሻንጣው ተመዘነ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቷን ተቀበለች፣ ቀጥ ብላ መግባት ነበረባት። ገበሯ እንደተንጠለጠለ ተመልሳ በሩ ጋ መጣች።

«ጋሼ፣ ኪሴ ተከፍቶ ልሂድ?»

ክቡርነታቸው ግራ ገባቸው። «ፓስፖርቱንማ ውስጥ ደግመው ይጠይቁሻል፣ በእጅሽ ያዢው» አሉ።

«ካርዱስ?»

ከኮታቸው ኮሌታ ላይ የማትጠፋውን መርፌ ነቀሉ። ክር አስገቡ፣ ጎንበስ አሉና ኮቱን ከላይዋ ሳያስወልቁ መስፋት ጀመሩ። የሱሪ እግር ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚጨርሱ ሰው፣ ይህችን የጣት ርዝመት የምታህል ስፌት አንዷን ወግተው ሌላዋን እስኪወጉ ያስባሉ። ጭንቅላታቸው ከአገጯ ሥር ነበር። የፀጉራቸውን ሽበት በዚህ ቅርበት አይታው አታውቅም።

«ይሄ ነገር ያን ያህል እንደማይጠቅም አውቃለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «የባንኳን ልጅ እኔም ሄጄ ጠይቄያታለሁ። እጄ ሌላ ነገር ስለማያውቅ ነው። ቤቱ እንዴት ጭር እንደሚልብኝ ላንቺ መንገር አልቻልኩበትም።»

በዚህ መሀል ድምፅ ማጉያው ለተሳፋሪዎች የመጀመሪያውን ጥሪ አሰማ፤ የእሷ በረራ ነበር። ክቡርነታቸው መርፌዋን አቆሙ።

«ያንቺ ነው?»

«የሌላ ነው ጋሼ» አለች እጇን ጀርባቸው ላይ አድርጋ። «ቀስ ብለው ይስፉ።»