ለወገብ ነው ያልነው ፕላስተር

የበደለኝ ሰው ዘነበ ይባላል። ሩቅ አትፈልጉት፤ ባሌ ነው፤ ይኸው ከኋላዬ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ይቆጥራል።

የአጫሽ ሚስት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ሲጋራውን እሱ ያጨሰዋል፣ ውሸቱን እኛ እንዋሻለን። ሳሉ ብርድ ነው፤ ሽታው የጎረቤት ነው፤ የተቃጠለው መጋረጃ ሻማ ወድቆበት ነው። አርባ ዓመት እንዲህ ስትሉ ቆይታችሁ አንድ ቀን ሐኪም ፊት ስትቀመጡ፣ እውነቱ ከየት እንደሚጀመር ራሱ ይጠፋችኋል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ ልደታ፣ ከኛ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለችው ሱቅ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። አንድ ፍሬ ብትሉ አንድ ፍሬ፤ ክብሪቱን ባለሱቁ ራሱ ይጭርላችኋል። ማቆሚያ መድኃኒቱስ? እሱ በካርቶን ነው። «ለዛሬ አንድ ፍሬ ስጪኝ» ብላት የፋርማሲዋ ልጅ እንደ እብድ አየችኝ። እኔ ከመሠረተ ትምህርት አላለፍኩም፤ ግን በሽታ በችርቻሮ፣ መድኃኒት በጅምላ ሲሸጥ ማን እንደሚከስር ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ነገሩ የመጣው በእግሩ በኩል ነው። የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ጠቆረች። እኔ ጫማው ነው አልኩ፣ እሱ ብርዱ ነው አለ። ሐኪሟ፣ ለልጅ ልጅነት የምትደርስ ልጅ፣ የጠቆረችውን ጣት ነካ አደረገችና «አባባ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለችው።

«ድሮ» አለ ዘነበ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እውነቱን እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ቤት በቀን አራቴ ሻወር ቤት ይገባል» አልኳት። «ገላው ግን ያው ነው።»

አልሳቀችም። የደም ሥሩን የሚዘጋው ሲጋራው ነው አለችን። ካቆመ ምናልባት ጣቷ ብቻ ሄዳ እግሩ ይተርፋል፤ ካላቆመ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ሱሱን ቀስ በቀስ የሚያስረሳ፣ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር አዘዘችለት። በየቀኑ አንድ አዲስ፤ ቀን መዝለል የለም።

የጤና መድን ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ለዚህኛው አይሠራም አሉኝ። እግር ለመቁረጡስ አልኳቸው። ለሱ ይሠራል።

እንግዲህ ድሮ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሳለን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሰፋሁባትን የስፌት መኪናዬን ሸጥኳት። ሁለት ካርቶን ሆነች።

አሁን ወደ ነውሩ እንምጣ። ከሰባት ዓመት በፊት ዘነበ ሲጋራ አቆምኩ አለኝ። ለልደታ ማርያም ተስዬ ነበርና ጃንጥላ ገዛሁ፤ ጎረቤቱን አስከትዬ፣ እልል እያልኩ ስለቴን አስገባሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሻወር ቤቱ ሸተተኝ። ምን ላድርግ? ማን ሄዶ ጃንጥላዬን መልሱልኝ ይላል? ዝም አልኩ። ብሎካችን ግን ዝም አላለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የዘነበን ስም እየጠራ ወጣት ሲገሥጽ ኖረ። እናቶች የሚያጨሱ ልጆቻቸውን ለምክር ወደሱ ይልካሉ። እሱም ቁጭ ብሎ ይመክራል። ምክሩን ሲጨርስ ሻወር ይገባል።

ፕላስተሩን በጀመረ በአምስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ስንሞቅ እጅጌው ተሰበሰበበትና ከሁለተኛ ፎቅ ያለችው ብርቄ አየችው።

«ጋሼ፣ ክንድዎን ምን ነካው?»

ዘነበ እኔን አየኝ። አርባ ዓመት የሠለጠነ አፍ መቼ ይቸግረዋል! «ለወገቡ ነው» አልኩ።

«ክንዱ ላይ?»

«የውጭ ነው። የትም ብትለጥፊው ወገብ ይደርሳል።»

«እንግዲህ እኔን ወገቤ ሲገድለኝ እያያችሁ ነው የደበቃችሁት!» ብላ ብርቄ አኮረፈች። ዘነበ በዚያ በታመመ እግሩ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ አንድ ፍሬ አመጣላት።

በነጋታው በሬን አንኳኳች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እትዬ ተዋቡ፣ ሲያስመልሰኝ አደረ፣ ልቤ ድው ድው ሲል አደረ፤ ወገብ እንዳለኝ ራሱ ረሳሁት! መድኃኒት ማለት እንዲህ ነው!» የሲጋራ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ያቺ ጃንጥላ ትዝ አለችኝና መልሼ ዘጋሁት።

ብርቄ አንድ ነገር ካወቀች ብሎኩ አወቀ ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ በርበሬ ልገዛ ተክለ ሃይማኖት ደርሼ ስመለስ፣ ሁለቱም ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ባዷቸውን ተከፍተዋል። ሻወር ቤት ውሃ ይፈሳል።

ሲወጣ ጠበቅኩት።

«ምን ላድርግ ተዋቡ? ብርቄ መጣች፤ እሷን አይተው ሌሎቹ ጎረቤቶች መጡ፤ ለእናቴም አለች አንዷ። የለኝም ልበል? አንቺ አይደለሽ ለወገብ ነው ያልሽ?»

«ለራስህስ ስንት አስቀረህ?»

ፎጣውን አጣጠፈ። ያልረጠበ ፎጣ።

ይሉኝታ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሉኝታን አውቀዋለሁ፤ ስኖርበት ነው ያረጀሁት። ይሉኝታ የያዘው ሰው ፊቱ ይጨልማል። የዘነበ ፊት ግን ቀሎት ነበር፤ ዕዳውን እንደተገላገለ ሰው። ለሰው ደግ ሆኖ ነው እኔን የበደለኝ፤ ደግነቱን ደግሞ ምን ብዬ ልክሰሰው? የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያከፋፈለው እሱ ነው። የሚቆረጠው እግር የጋራችን ነው፤ ነገ ደረጃውን ደግፌ የማወጣው እኔ ነኛ። የስፌት መኪና ደግሞ ሁለቴ አይሸጥም።

ማምሻውን እግሩን ሳጥብለት ከትንሿ ቀጥላ ያለችው ጣት ጥፍሯ ሥር ጠቁራለች። እሱም አይቷታል። ሁለታችንም ስለ በርበሬው ዋጋ አወራን።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ከላይኛው ፎቅ ጀመርኩ። በየበሩ ያልኩት አንድ ነው፦ «ዘነበ ሲጋራ አላቆመም። ስለቱን ያስገባሁት በከንቱ ነው። ያ ፕላስተር የሱ መድኃኒት ነውና የተረፋችሁን መልሱልኝ።» አንዷ ለእናቷ ደብረ ዘይት ልካዋለች። የአንዷ ባል የሚያፈስ ቧንቧ ለጥፎበታል፤ ያፈሳል አሁንም። ሌሎቹ ተጠቅመው ጥለውታል። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው አዘኑልኝ፤ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ሳቁን ሰማሁት። ሙሉ አንድ እንኳ አላገኘሁም።

መጨረሻ ላይ ብርቄ ዘንድ ደረስኩ። «ጋሼ?» አለች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታዲያ ያ ሁሉ እልልታ፣ እትዬ?»

«እልልታውን ከእመቤቴ ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ። አንቺ ፕላስተሬን።»

«ትናንት ማታ የለጠፍኩት ነው የቀረኝ። ወገቤ ላይ ነው።»

«ዙሪ» አልኳት።

ዞረች። ቀሚሷን ገለብ አድርጌ በጥፍሬ ላጥኩት፤ ገና ይሞቃል። በመዳፌ ይዤው አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዘነበ ክንዱን ዘረጋልኝ። ሙጫው አልይዝ ሲለኝ ከአሮጌ አንሶላ ቀድጄ አሰርኩለት።