ስምንት ጊዜ የተጻፈው ቅሬታ

[የፍርድ ቤት ኮሪደር፤ ረፋድ ላይ። አንድ እግሩ አጠር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት የጫማ ፋብሪካ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሶል ለጣፊ ነበር፤ ባልደረቦቹ «ማስቲሽ» ይሉታል። ከሥራ ከተባረረ አራት ወር አልፎታል። ሁለተኛው የእኅቱ ባል ነው፤ ቆዳ ቆራጭና የሠራተኛ ማኅበሩ ኮሚቴ አባል። ሰላምታ እንኳ ሕግ ሳይጠቅስ ስለማይመልስ «አንቀጽ» የሚል ስም ወጥቶለታል።]

ማስቲሽ፦ ታዲያ ችሎት ስንገባ መሃል ልቀመጥ?

አንቀጽ፦ ከሳሽ በቀኝ፣ ተከሳሽ በግራ! ስንቴ ልንገርህ?

ማስቲሽ፦ ተከሳሾቹ ሁለት ናቸዋ ጋሼ። ድርጅቱ አንድ፣ ማኅበሩ ሁለት። ተኮራርፈው የለ እንዴ? እንዴት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ?

አንቀጽ፦ አንተን ለመጣል ሲሆን ይታረቃሉ። ይልቅ ያስጠናሁህን ድገምልኝ። ድርጅቱን ለምን ከሰስክ?

ማስቲሽ፦ ስላባረረኝ።

አንቀጽ፦ «ያለ አግባብ» በል እንጂ!

ማስቲሽ፦ ያለ አግባብ ስላባረረኝ። መቶ ጥንድ ጫማ ላይ የግራ ሶል ብቻ ለጠፍክ ብሎ። እኔ እኮ ለፎርማኑ ነግሬው ነበር። «ጌታዬ፣ የመጣው ሁሉ ግራ ነው» ብለው፣ «አንተ ለጥፍ፤ ማሰብ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ።

አንቀጽ፦ ማኅበሩንስ?

ማስቲሽ፦ ቅሬታዬን ተቀብሎ በአሥር ቀን ውስጥ ለድርጅቱ ማድረስ ነበረበት፤ አላደረሰም። ድርጅቱ «በጊዜው አላመለከተም» ይላል። ማኅበሩ «እኛ ጋ በጊዜው የደረሰ ነገር የለም» ይላል። እኔ አየር ላይ ቀረሁ።

አንቀጽ፦ ግሩም! ያ ሊቀ መንበር ተብዬ ዛሬ ጉዱ ይፈላል። በምርጫ ወንበሬን ሲነጥቀኝ ዝም ያልኩት ለዚች ቀን ነው። ክሱን እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩልህ አይተሃል? «ቅሬታውን ታቅፎ የተቀመጠው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በአካል ቀርቦ ይጠየቅልኝ!»

ማስቲሽ፦ ማንም ይሁን ማን?

አንቀጽ፦ ወንድሜ ቢሆን!

ማስቲሽ፦ አማችስ ቢሆን?

አንቀጽ፦ ምን አማች አማች ትላለህ? ሕጉ ውስጥ አማች የሚል ቃል አላየሁም!

ማስቲሽ፦ እኔስ ማንም ባይጠየቅ ደስ ይለኛል። ልጆቼ ጠዋት ጠዋት «አባባ፣ ዛሬም አትሄድም?» ይሉኛል። ሥራዬ ላይ መመለስ ብቻ ነው የምፈልገው።

አንቀጽ፦ ትመለሳለህ አልኩህ! ማስረጃህን አሳየኝ።

[ማስቲሽ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ሰባት ወረቀቶች ያወጣል። ሁሉም በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉረዋል።]

አንቀጽ፦ ይኼማ የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው!

ማስቲሽ፦ ነዋ። በተባረርኩ ማግስት ቅሬታዬን ስሰጥህ «ቅሬታ ተቀባዩ እኔ ነኝ፤ በእኔ እጅ ሰባራ አማርኛ አያልፍም» አልከኝ። አርመህ መለስክልኝ፤ ገልብጬ አመጣሁ። «አራት ነጥቡ የታለ?» አልከኝ፤ ገልብጬ አመጣሁ።

አንቀጽ፦ የቋንቋ ክብር ነዋ!

ማስቲሽ፦ ሰባተኛው ላይ «ስሜት ይጎድለዋል» አልክ።

አንቀጽ፦ ይጎድለው ነበራ! ስምንተኛውን ግን ሳነበው እንባዬ መጣ። ደረቴን ነፍቼ ነው ለሊቀ መንበሩ የሰጠሁት።

ማስቲሽ፦ በስንተኛው ቀን?

አንቀጽ፦ በ... [በጣቶቹ ይቆጥራል። ጣቶቹ ያልቁበታል፤ ቀኖቹ ግን ገና አላለቁም።]

[ከችሎቱ በር ድምፅ ይሰማል፦ «የሁለተኛ ተከሳሽ ወኪል፣ የማኅበሩ ቅሬታ ተቀባይ! ሊቀ መንበሩ ‹ነገሩን የሚያውቀው እሱ ነው› ብለው ጽፈዋል። ይግቡ!»]

አንቀጽ፦ [በሹክሹክታ] ታውቅ ነበር?

ማስቲሽ፦ ክሱን ስትጽፍ ልነግርህ አፌን ስከፍት «አታቋርጠኝ» አልከኝ።

አንቀጽ፦ በል ወረቀቶቹን ደብቃቸው! ቶሎ!

ማስቲሽ፦ ኮፒያቸውን ባለፈው ሳምንት መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ባረምክ ቁጥር ቀን ጽፈህ ትፈርማለህ አይደል? የመጀመሪያው ላይ ያለው ቀን የተባረርኩበት ማግስት ነው። በጊዜው ማመልከቴን ካንተ ፊርማ በላይ ማን ይመሰክርልኛል? ገብተህ «አዎ፣ እጄ ላይ ነበር» በልልኝ፤ ሰኞ ሥራዬ ላይ ነኝ።

አንቀጽ፦ እኔስ? ኮሚቴው ነገውኑ ያባርረኛል! የት ሄጄ አቤት ልበል?

ማስቲሽ፦ [የኮቱን ኮሌታ እያቃናለት] እንደመጣልህ ጻፍና ለእኔ ስጠኝ፣ ጋሼ። ሳላርም፣ በዚያው ቀን አደርስልሃለሁ።